ሆደ ባሻው

ከሌሊቱ ዘጠኝ፤ ይህ አራተኛችን፣
መንደሩ ተኝቶ ነቅቷል አንጀታችን።
እኔ በፒጃማ፣ አንተ በብብቴ፣
በረዶው ሲገባ እስከ ቁርጭምጭሚቴ።
ሃያ ሁለት ዲግሪ ከዜሮ ዝቅ ብሏል፣
ሐይቁ ከዳር እዳር እንደ አለት ጠጥሯል፤
ሳይረጋ የቀረ፣ መጽናት ያቃተው
በዚህ ሁሉ አገር ያንተ ሆድ ብቻ ነው።

"ቶሎ በል፣ ኑፒዬ።" ሽቅብ ታየኛለህ፤
ጀርባህን አጉብጠህ፣ ጆሮህን ጥለህ፣
እንደ ጥፋተኛ።
ሆድህ ያጉረመርማል፤
ሮማንኛ መሰለኝ፤ አንድም ቃል አልገባኝ።

ጥፋቱ የኔ ነው።
አደራ ብለውኝ ነበር ያመጡህ ሰዎች፦
"የለመደው ይችን ነው፣ ይችን ግማሽ ከረጢት፤
አዲሱን ከሷ ጋር፣ በጥቂት በጥቂት
ቀላቅለህ አልምደው፤ ሳምንት ይፍጅብህ።"
እሺ አልኩ። በሩ ሲዘጋ
ቋሊማ ከተፍኩልህ፣ አይብ ፈረፈርኩ፣
ወተት አሞቅኩልህ፣ የዓሣ ቆዳ ጠበስኩ።
ከዳኑብ ዳር ድረስ፣ ከጋላትስ መጠለያ፣
አራት ቀን በጭነት መኪና፣ አንድ ሌሊት በመርከብ ሆድ
ተንገላቶ ለመጣ እንግዳ
ማን ነው ጠጠር የመሰለ ደረቅ ምግብ የሚያቀርብ?
ፍቅር ሲጣደፍ እንዲህ ነው፤
እጁን ይዘረጋል እንጂ ሆድን አያማክርም።

ጠዋት በአውቶቡስ ወደ ኬሚያርቪ ወረድን፤
ያንተን ነገር በማርማላታ ብልቃጥ፣
ብልቃጡን በጋዜጣ ጠቅልዬ።
ከጎኔ የተቀመጠችው ወይዘሮ ሄልቪ
ክዳኑን አይታ "የዘንድሮ ነው?" ብትለኝ፣
"የዛሬ ሌሊት ነው" አልኳት፤ "አልጣፈጠም።"

ዶክተር ሪካ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳ
ብዙ ዝም አለች።
"ትል የለም። ደምም የለም። ድዱ ሮዝ ነው፤
ውኃ ይጠጣል፤ ይኸው ጫማዬን ይነክሳል።
ታውኖ፣ እናቱን አጣ፣ ውኃው ተለወጠ፣ ሽታው ተለወጠ፤
ሆዱ ነው የባሰው። ሌላ አላገኘሁበትም።
ነጭ ሩዝ ቀቅል፣ ቆዳው የተገፈፈ ዶሮ፤
ጨው የለ፣ ቅቤ የለ፤ በማንኪያ፣ በማንኪያ።
ደም ካየህ ግን፣ ወይም ከተዝለፈለፈ፣
እንዳይነጋብህ፤ በሌሊት ደውል።"

ሩዙን ሳማስል
ካንገትህ የተንጠለጠለች ቁጥር ብልጭ አለችብኝ።
እኔም ነበረኝ አንድ ካርቶን በሲባጎ፣
አራት ዓመቴ ላይ፣ በጦርነቱ ጊዜ፣
በባቡር ጭነው ስዊድን ሲልኩን።
የተቀበለችኝ ሴት፣ ጉንቦሪ፣
እሷም እንደኔ አበዛችው፦
ክሬም፣ ስኳር የተነሰነሰበት ዳቦ፣
በዕድሜዬ ያላየሁት ብርቱካን።
ሦስት ሌሊት አንሶላዋን አበላሸሁ።
ቋንቋዋን አላውቅ፣ ቋንቋዬን አታውቅ፤
መዳፏን አሙቃ ሆዴ ላይ ታዞራለች፣
ክብ፣ ክብ፣ ክብ፣
እንቅልፍ እስኪወስዳት።
(የሚያስቀው ግን፦ ከሁለት ዓመት በኋላ አገሬ ስመለስ
ያመመኝ የናቴ የአጃ ገንፎ ነው።)

የመጀመሪያዋን ማንኪያ አሸተትካት፣
እኔን አየኸኝ፣ ማንኪያዋን አየህ፤
ከዚያ ላስካት፣ ቀስ ብለህ፣
ውል እንደሚፈርም ሰው።

ስድስተኛው ሌሊት ሳልነቃ ነጋ።
ደንግጬ ተነሣሁ አንተን ፍለጋ፤
በሩ ሥር ቁጭ ብለህ ትጠብቀኛለህ።
ወጣን። ጎበጥህ።
በነጩ መሬት ላይ፣ እንፋሎቱ እየጨሰ፣
ሁለት ጠንካራ ነገር!
ኮፍያዬን አነሣሁልህ፤
ጎረቤት ቢያይ ይይ።

ልጄ ሳካሪ በስልክ
"በሰማንያ አራት ዓመት ቡችላ?" ይላል።
አልፈርድበትም፤ ሒሳብ ያውቃል።
ስሄድ የሚወስድህ እሱ ነው፤ ተስማምተናል።
ዛሬ የማቀዝቀዣው በር ላይ ጽፌ ለጠፍኩ፦

"ሳካሪ፣ ከረጢቱን አብረህ ውሰድ።
አዲሱን ካሮጌው ጋር ቀላቅል፤ በጥቂት፣ በጥቂት።
አትቸኩል። ሆደ ባሻ ነው።
መዳፍህን አሙቅ።"